ሥራ ያስተማራቸው አስተማሪዎች

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ የሚሠሩበትን መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ በሐሳብዎ ይዙሩት። ከመዝገብ ቤቱ ሲደርሱ፥ የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፥ የትኛው ደብዳቤ ወደ የትኛው ክፍል መመራት እንደሚገባው፥ ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፈ ጉዳይ እንዴት እንደሚፈለግ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ነባር ሠራተኛ አይጠፋም። ዲፕሎማ የለውም። ዲፕሎማ ይዞ የተቀጠረው ወጣት ግን ሥራውን የሚማረው ከእርሱ ነው። የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ደግሞ ለመወዳደር የሚችለው ያው ወጣት ነው፤ ያስተማረው ሰው «የትምህርት ማስረጃ አላሟላም» ተብሎ ይቀራል።

ተማሪ ቢሆኑም ይህን ነገር አያጡትም፤ ምናልባት በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል። ነገሩ በብዙ የሥራ መስክ ያለ ቢሆንም እጅግ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ መዋዕለ ሕፃናት ነው። በዚያ ቤት ሞግዚት ወይም ረዳት ተብለው የተቀጠሩ፥ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ከሕፃናት ጋር የኖሩ ሴቶች አሉ። እነዚህ ሴቶች የአስተማሪነት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢፈልጉ፥ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምሩ ይባላሉን? ወይስ ሥራ ያስተማራቸው ነገር ተመዝኖ ይያዝላቸዋል? ዛሬ በብዙ አገሮች የሚያከራክረው ጥያቄ ይህ ነው።

ከክፍል ውጭ የሚገኝ ዕውቀት

በመጀመሪያ «ሥራ ያስተምራል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። የአራት ዓመት ልጅ ጧት ከእናቱ ተለይቶ ሲያለቅስ፥ ልቅሶው የናፍቆት ነው? የረኀብ ነው? ወይስ የጆሮ ሕመም ነው? ልምድ ያላት ረዳት ይህን ከድምፁ ትለያለች። ሠላሳ ሕፃናት ሳይጮኽባቸው እጃቸውን ታጥበው ለምሳ እንዲቀመጡ ታደርጋለች። ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይለውን ልጅ «እልኸኛ ነው» ብላ አትተወውም፤ ከበስተኋላው ቀስ ብላ አጨብጭባ ትመለከተዋለች፤ ካልሰማ እናቱን ወደ ሐኪም እንድትወስደው ትመክራለች። በዕለቱ የትኞቹን ሁለት ልጆች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ እንደማይገባ ታውቃለች።

እንዴት አወቅሽ ብለው ቢጠይቋት ብዙ ጊዜ ለማስረዳት ይቸግራታል። ይህም አላዋቂነት አይደለም። ማይክል ፖላኒ የተባለው በሃንጋሪ አገር የተወለደ ሊቅ፥ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው በቃል አውጥቶ ሊያስረዳው የማይችለው ብዙ ዕውቀት እንዳለው አመልክቷል። የሰውን ፊት ከሺህ ፊት መካከል እንለያለን፤ በምን እንደለየነው ግን ለመናገር እንቸገራለን። የሞግዚቷም ዕውቀት ከዚህ ወገን ነው።

ሌላም ምሳሌ ከአፍሪካ ምድር እንጨምር። ጂን ሌቭ የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር በላይቤሪያ አገር የልብስ ሰፊዎችን ደቀ መዝሙሮች ለብዙ ጊዜ አጥንተዋል። እነዚያ ልጆች በመጀመሪያ የሚማሩት ጨርቅ መቍረጥን አይደለም፤ የተሰፋውን ልብስ መተኮስና የቁልፍ ቀዳዳ መሥራትን ነው። ቀጥሎ ስፌት ይማራሉ፤ መቍረጥ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ለምን ቢሉ፥ ቁልፍ ያበላሸ ልጅ ፈቶ ሊሠራው ይችላል፤ ጨርቅ ያበላሸ ግን ገንዘብ ያጠፋል። ደግሞም ያለቀውን ልብስ ደጋግሞ የያዘ ልጅ፥ ልብሱ ከየትኞቹ ቁርጥራጮች እንደሚገጣጠም ሳይነገረው ያስተውላል። እንግዲህ ትምህርት ቤት የሚሉት ሳይኖር ትምህርቱ ሥርዓት ነበረው ማለት ነው። ምሁሯ ከኤቲየን ዌንገር ጋር ሆነው ይህንንና ሌሎችን ምሳሌዎች መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት መጽሐፍ ስለ ሥራ ላይ ትምህርት በሚደረገው ጥናት ሁሉ ዘወትር የሚጠቀስ ሆኗል።

ለእኛ አገር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በየኔታ ፊት ፊደል የቆጠረ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፥ ዳዊት የደረሰው ተማሪ ገና ሀሁን የጀመረውን ሕፃን ያስቈጥራል። የሕፃናት አስተማሪነትን የተማረው በማስተማር ነው። ማወቁም የሚለካው በስንት ዓመት ተቀመጠ ሳይሆን በመምህሩ ፊት ሆኖ ሲያደርሰው ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉትም ጥምጣሙ የዕውቀት ምልክት እንጂ ዕውቀቱ ራሱ እንዳልሆነ ስላወቁ ነው።

አራት ደረጃዎች

ይሁን እንጂ «ልምድ አላት» ብሎ ማመስገን አንድ ነገር ነው፤ ያንን ልምድ ከምስክር ወረቀት ማድረስ ግን ሌላ ነው። መንግሥት ገንዘብ የሚከፍለው፥ ወላጅም ልጁን የሚያስረክበው በምስጋና ብቻ አይደለም። ስለዚህ መመዘኛ ያስፈልጋል።

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ለአባል አገሮች ባስተላለፈው ምክር፥ ከትምህርት ቤት ውጭ የተገኘ ዕውቀት የሚታወቅበትን መንገድ በአራት ደረጃ ከፍሎታል። የመጀመሪያው መለየት ነው፤ ይኸውም ሰውዬው ምን ምን እንደሚያውቅ ከአማካሪ ጋር ተቀምጦ ማውጣት። ሁለተኛው በማስረጃ ማስደገፍ ነው። ሦስተኛው መመዘን፥ አራተኛው ማረጋገጥ፥ ማለት ምስክር ወረቀት ወይም የምስክር ወረቀት ክፋይ መስጠት ነው።

በእነዚህ ደረጃዎች ውስጥ ብዙዎች የሚሰናከሉት ከመጀመሪያው ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። ረዳቷ «እኔ ምን አውቃለሁ፥ ልጆች እጠብቃለሁ እንጂ» ትላለች። በአንድ ጧት ብቻ የሠራችውን በዝርዝር ብታስነግሯት ግን የጤና አጠባበቅ፥ የቋንቋ ማስተማር፥ ጠብ ማብረድ፥ ከወላጅ ጋር መነጋገር፥ አደጋ መከላከል ሆኖ ይወጣል። ዕውቀቷን ስም የሚሰጥላት ሰው አላገኘችም።

የአሜሪካ ሙከራ

በዚህ ጉዳይ ቀደም ብላ ከተነሡት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 ለድሆች ልጆች «ሄድ ስታርት» የተባለው የቅድመ ትምህርት ድርጅት ሲቋቋም፥ ለብዙ ሺህ ሕፃናት የሚበቃ የሠለጠነ አስተማሪ አልነበረም። በየሰፈሩ የነበሩ እናቶች ተቀጥረው ሥራውን በሥራ ላይ ተማሩት። በኋላ የመንግሥቱ የሕፃናት ዕድገት ቢሮ ኃላፊ የነበሩት የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድዋርድ ዚግለር፥ እነዚህን ሴቶች ወደ ኮሌጅ ሳይሰዱ ችሎታቸውን በሥራቸው ላይ የሚመዝን አንድ የሙያ ማረጋገጫ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1971 ይፋ ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹ ምስክር ወረቀቶች የተሰጡት በ1975 ነበር። ይህ ማረጋገጫ በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደላት «ሲ.ዲ.ኤ.» ተብሎ ይታወቃል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «የሕፃናት ዕድገት ባለሙያ» እንደ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አመልካቿ ከሕፃናት ጋር ቢያንስ 480 ሰዓት የሠራች መሆን አለባት። በዚህ ላይ የ120 ሰዓት ትምህርት መከታተል ይጠበቅባታል። ከዚያ የሥራዋን ማስረጃ በአንድ ጥራዝ ታዘጋጃለች፤ የሳምንት የትምህርት ዕቅዷን፥ የምግብ ዝርዝሯን፥ ስለ አሠራሯ ራሷ የጻፈችውን ሐተታ ታገባበታለች። ልጆቻቸውን የምትጠብቅላቸው ወላጆችም ስለ እርሷ የሚሞሉት መጠይቅ አለ። በመጨረሻ አንድ መርማሪ ባለሙያ ወደምትሠራበት ክፍል መጥቶ ከሕፃናቱ ጋር ስትሠራ ይመለከታታል፤ 65 ጥያቄ ያለበት ፈተናም ትፈተናለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። ልምድ ብቻውን አልበቃም፤ ትምህርት ብቻውንም አልበቃም። ወረቀት ብቻ አይተው አልፈረሙላትም፤ ሥራዋ ላይ ሄደው አዩአት። ወላጆችም ተጠየቁ። አንድ መንገድ የሳተውን ሌላው እንዲይዘው ተደርጎ የተሠራ ነው።

በዋሽንግተን የተነሣው ክርክር

ነገሩ የእኛን ሰዎች የሚነካው በዋና ከተማይቱ በዋሽንግተን ነው። እንደሚታወቀው በዚያ ከተማና በአካባቢው እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የከተማው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። ከኢትዮጵያውያቱ መካከል በሕፃናት ማቆያ ተቀጥረው ወይም በመኖሪያ ቤታቸው ፈቃድ አውጥተው ሕፃናት የሚጠብቁ ሴቶች ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የከተማው የትምህርት መሥሪያ ቤት አንድ ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ ረዳት አስተማሪ የሆነች ሁሉ ቢያንስ ያንን ሲ.ዲ.ኤ. የተባለውን ማረጋገጫ እንድትይዝ፥ ክፍል የምትመራ አስተማሪ ደግሞ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ እንዲኖራት ታዘዘ። የጊዜ ገደብም ተቆረጠ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የሕፃን አእምሮ እጅግ ፈጥኖ የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ የተማረ ሰው ይያዘው ነው። ግን ሃያ ዓመት ልጆች ያሳደገች፥ እንግሊዝኛው የሚከብዳት፥ ቀን ሙሉ ቆማ ውላ ማታ የራሷን ልጆች የምታበላ ሴት በየት ጊዜዋ ኮሌጅ ትግባ?

ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕፃናት በቤቷ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ከሌሎች ጋር ሆና ከተማውን በፍርድ ቤት ከሰሰች። በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤቱ የጊዜ ገደቡን አራዘመ፤ ለረጅም ዓመት ሳያቋርጡ በሥራው ላይ ለቆዩትም ከትምህርቱ ግዴታ ነጻ የሚሆኑበትን መንገድ ከፈተ። ክርክሩ ግን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከተማው ደንቡን ለማውጣት በቂ ምክንያት እንዳለው ወስኖ ደንቡ ጸና።

በዚያው በ2022 ደግሞ ከተማው ለሕፃናት አስተማሪዎች ደመወዝ ማሟያ የሚሆን ገንዘብ ማከፋፈል ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ሙሉ ጊዜ ለሚሠሩ ረዳቶች እስከ 10,000 ዶላር፥ ለአስተማሪዎች እስከ 14,000 ዶላር ተሰጠ። ማን ረዳት ማን አስተማሪ እንደሚባል ደግሞ የሚወስነው ከሥራው ጋር የተያያዘው የትምህርት ማስረጃ ነው። የአንድ ወረቀት መኖርና አለመኖር በአንዲት እናት ቤት ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ከዚህ ይገነዘባሉ።

አንባቢ ሆይ፥ ከእነዚህ ሁለት መንገዶች የትኛው ይሻላል ይላሉ? ለነባሮቹ ግዴታውን ማንሣት ምሕረት ነው፤ ሴትዮዋ ከሥራዋ አትባረርም። ነገር ግን ያወቀችውን አይመዝንም፤ ወደ ላይም አያወጣትም። ሥራ ብትለውጥ ይዛው የምትሄደው ነገር የለም። ዕውቀቷ ተመዝኖ ምስክር ቢሰጣት ግን በሄደችበት ሁሉ የእርሷ ነው።

በሰሜን አውሮፓ

በስዊድን አገር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት በሚውሉበት ቤት ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። አንዷ በዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተኩል የተማረችው የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ሁለተኛዋ ሕፃናት ተንከባካቢ የምትባለው ናት። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ አብረው ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአስተማሪነት ፈቃድ ሕግ ከወጣ ወዲህ፥ ከ2019 ጀምሮ የሚሠራበት ሥርዓተ ትምህርትም የማስተማሩን ኃላፊነት ለአስተማሪዋ ለይቶ ከሰጠ በኋላ፥ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ጠንክሯል።

የአገሩ የከፍተኛ ትምህርት ደንብ፥ ተማሪ በሥራ ላይ ያገኘው ዕውቀት በትምህርቱ እንዲቆጠርለት ለመጠየቅ እንዲችል ይፈቅዳል። እንግዲህ አሥር ዓመት የሠራች ተንከባካቢ አስተማሪ ለመሆን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ክርክሩ ይነሣል። በትምህርቱ ውስጥ ካሉት 210 ነጥቦች 30ው ተማሪዋ በመዋዕለ ሕፃናት ሄዳ የምትለማመድባቸው ናቸው። «እኔ አሥር ዓመት እዚያው ውዬ፥ ልለማመድ ደግሞ ልላክን?» ብትል እውነት አላት። ሆኖም ዩኒቨርሲቲው «ልምምዱ የሚፈተነው ሕፃናትን መያዝን ብቻ አይደለም፤ ትምህርትን ማቀድን፥ መምራትንና መገምገምን ነው፤ ይህን በኃላፊነት ሠርተሻልን?» ቢላት እርሱም እውነት አለው። መልሱ ሊገኝ የሚችለው ሁለቱም ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ነገር በየተራ ሲመረምሩ ነው። ዓመት መቁጠር ብቻውን አይፈታውም።

ጎረቤቲቱ ኖርዌይ ደግሞ በሩን ከመግቢያው ላይ ከፍታለች። ከ2001 ጀምሮ ዕድሜው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፥ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃው ባይሟላም፥ በሥራና በኑሮ ያካበተው ችሎታ ተመዝኖ ለከፍተኛ ትምህርት ሊያመለክት ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ነገር

ይህን ሁሉ ስንል ልምድን እንደ ታቦት እንሸከመው ማለታችን አይደለም። አሥር ዓመት የሠራ ሰው ሁሉ የአሥር ዓመት ዕውቀት የለውም፤ አንዱን ዓመት አሥር ጊዜ የደጋገመ አለ። ክፉ ልማድም በሥራ ላይ ይወረሳል። ሕፃን በአርጩሜ ካልሆነ አይማርም የሚል ሰው ይህን የተማረው ከክፍል ሳይሆን ከቀደሙት ነው። የዘገየ የንግግር ዕድገትን ከተፈጥሮ ዝምታ መለየት፥ ሕፃን በየዕድሜው ምን ሊችል ምን ሊያቅተው እንደሚገባ ማወቅ ደግሞ በብዙ ሺህ ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት የተገኘ ነው፤ አንዲት ረዳት በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ልትደርስበት አትችልም። ንድፈ ሐሳብ ለልምድ ባዕድ አይደለም፤ ልምዷን መልሳ እንድትመረምረው መነጽር ይሆንላታል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በመዛኞች በኩል ነው። የሥራ ማስረጃ ጥራዝ ስታዘጋጅ በደንብ የምትጽፍ ሴት በደንብ ከምትሠራው ልትበልጥ ትችላለች። ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ መመዘን ፍርድ ያዛባል፤ በዓይን ማየትና በቃል መጠየቅ፥ ያውም በምትሠራበት ቋንቋ፥ ሊታከልበት ይገባል።

ሦስተኛው መንግሥትን ይመለከታል። ልምድን መመዘን ትምህርትን ለማሳጠር ይረዳል እንጂ የማሠልጠኛ ወጪን ለማምለጥ መንገድ መሆን የለበትም። ያልሠለጠነችን ሴት ወረቀት አልብሶ አስተማሪ ማለት እርሷንም ሕፃኑንም መበደል ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት ለመደበኛው ትምህርት እንዲያዘጋጅ ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ዜሮ ክፍል» የተባለው በየቦታው ተከፈተ። ክፍሎቹ በፍጥነት ሲበዙ፥ ለሕፃናት ተብሎ የተለየ ሥልጠና ያላገኙ ብዙ ሰዎች እንዲያስተምሩ ተመደቡ። እነርሱም ሥራውን በሥራ ላይ ሲማሩት ቆይተዋል።

መመዘኛውም ቢሆን ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ስትራቴጂ፥ ሰው ሙያውን በትምህርት ቤትም ይማረው በሥራ ላይ፥ ብቃቱ ተመዝኖ ማረጋገጫ እንዲሰጠው መሠረት ጥሏል። ግንበኛው፥ መካኒኩ፥ ምግብ አብሳዩ በምዘና ማዕከል ቀርቦ ሙያውን ሠርቶ ያሳያል። ግድግዳ አቁሞ ያሳየ ግንበኛ ከታመነ፥ ሠላሳ ሕፃናት ይዛ ጧቱን በሰላም፥ በጨዋታና በትምህርት የምታሳልፍ ሴትስ ስለ ምን አትታይም? በመምህራን ኮሌጅ በር ላይ እንዲህ ያለ ምዘና ቢኖር፥ የምታውቀው ተለይቶ ተቆጥሮላት፥ የጎደላት ብቻ ቢሰጣት፥ የእርሷም ጊዜ የመንግሥትም ገንዘብ ይተርፋል።

ያ እስኪሆን ድረስ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። እኅትዎ ወይም ጎረቤትዎ በመዋዕለ ሕፃናት የምትሠራ ከሆነ አንድ ደብተር እንድትይዝ ይምከሯት። ቀኑን፥ ያጋጠማትን፥ ያደረገችውን፥ የሆነውን ውጤት፥ ያየውንም ሰው በአጭሩ ትጻፍበት። መጻፍ ቢቸግራት እርስዎ ይጻፉላት። በዓመቱ መጨረሻ ምን እንደምታውቅ ራሷ ታነበዋለች፤ መዛኝ በመጣ ጊዜም የምታሳየው አላት።

እርስዎ ደግሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት አስተዳደር የሚሠሩ ከሆነ፥ ዛሬ ወይም ነገ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲጽፉ መታዘዝዎ አይቀርም። የተለመደው ደብዳቤ «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በረዳትነት፥ በዚህ ያህል ደመወዝ ሠርተዋል» ብሎ ያበቃል። ይህ የሚናገረው ስለ ጊዜና ስለ ገንዘብ ነው፤ ስለ ሥራው አንዲት ቃል የለበትም። እርስዎ ግን ብዕርዎን ከማስቀመጥዎ በፊት ረዳቷን ጠርተው ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፍ ይጠይቋት፤ «ስንት ሕፃናት፥ ዕድሜያቸው ስንት፥ ምን ታስተምሪያቸዋለሽ፥ ሲታመሙ ምን ታደርጊያለሽ?» ይበሏት። የነገረችዎትን እውነት መሆኑን ከኃላፊዋ አረጋግጠው አራት ወይም አምስት መስመር ይጨምሩበት። ማኅተሙ ያው ነው፤ ወረቀቱም ያው አንድ ገጽ ነው።